የኢኮኖሚ ዕድገት፣ የዓለም ገበያ እና የአካባቢ ጥበቃ፦ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ መብቶችና አሠራሮች

አንድ ፋብሪካ በአንድ ወረዳ ሲተከል የሥራ ዕድል፣ የግብር ገቢና የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። በዚያው ልክ መሬት ይይዛል፣ ውሃ ይጠቀማል፣ ፍሳሽና ጭስ ያስወጣል። ምርቱ በሩቅ ሀገር ገበያ ይሸጣል፤ ፍሳሹ ግን በፋብሪካው ዙሪያና ከወንዙ በታች በሚኖረው ሕዝብ ዘንድ ይቀራል። የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ዋና ተግባር ጥቅሙና ጉዳቱ በተለያዩ ሰዎች ላይ እንዳይወድቅ፣ ጉዳት ያደረሰም ወጪውን እንዲሸከም ማድረግ ነው።

ይህ ጽሑፍ የኢኮኖሚ ዕድገትና ዓለም አቀፍ ንግድ ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ያላቸውን ግንኙነት፣ ሀገራችን የምትከተለውን የሕግ ማዕቀፍ እንዲሁም ዜጎች መብታቸውን የሚያስከብሩበትን አሠራር በአጭሩ ያስረዳል።

1. ዕድገትና ንግድ አካባቢን የሚነኩባቸው መንገዶች

እ.ኤ.አ. በ1991 ጂን ግሮስማን እና አለን ክሩገር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን የሰሜን አሜሪካ የነጻ ንግድ ስምምነት ሊያስከትል የሚችለውን የአካባቢ ተጽዕኖ ሲያጠኑ ጉዳዩን በሦስት ከፍለው ተመልክተውታል። የመጀመሪያው የመጠን ተጽዕኖ ነው፤ ምርት በጨመረ ቁጥር የሚፈጀው ውሃ፣ ጉልበትና ጥሬ ዕቃ ይጨምራል። ሁለተኛው የስብጥር ተጽዕኖ ሲሆን፣ አንድ ሀገር ወደ የትኛው የምርት ዘርፍ እንደምታዘነብል የሚመለከት ነው። ሦስተኛው የአሠራር ተጽዕኖ ነው፤ ንግድና ኢንቨስትመንት የተሻለ ቴክኖሎጂ ይዘው ሲመጡ ለተመሳሳይ ምርት የሚወጣው ብክለት ይቀንሳል።

ምሁራኑ እንደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያሉ በካይ ጋዞች የሀገር ገቢ ዝቅተኛ በሆነበት ደረጃ ከገቢው ጋር እንደሚጨምሩ፣ ገቢው ከፍ ሲል ግን እየቀነሱ እንደሚሄዱ አመልክተዋል። ከዚህ በመነሣት «መጀመሪያ እንደግ፣ አካባቢውን በኋላ እናጸዳዋለን» የሚል አስተሳሰብ በብዙ ሀገሮች ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ቅነሳው በራሱ አይመጣም፤ ሕግ፣ ቁጥጥርና ድምፁን የሚያሰማ ሕዝብ ይጠይቃል። ደግሞም አንዳንድ ጉዳት በኋላ ለመጠገን እጅግ ውድ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ለዚህ ቅርብ ምስክር ነው። ለከተማ የመጠጥ ውሃ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ገደብ በመቀዳቱና በደለል በመሞላቱ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር። የሐረር ከተማም የመጠጥ ውሃዋን ከድሬዳዋ አቅራቢያ በረዥም መስመር ለማምጣት ተገድዳለች። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውሃ መያዝ ቢጀምርም፣ በመካከሉ የወጣው ወጪና ነዋሪው ያሳለፈው ችግር አስቀድሞ በመጠበቅ ሊቀር የሚችል ነበር።

2. የዓለም ገበያ የሚፈጥረው ጫና እና ዕድል

ዓለም አቀፍ ንግድ ሁልጊዜ አካባቢን ይጎዳል ወይም ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት አይቻልም። የሚከተሉት ምሳሌዎች ሁለቱንም ገጽታ ያሳያሉ።

ቡና፦ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋን የሚከላከል ደንብ ቡናን ጨምሮ ሰባት የምርት ዓይነቶችን ይመለከታል። በደንቡ መሠረት ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ምርት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ ደን የተገኘ መሆን የለበትም፤ የመሬቱ መገኛም በጂኦግራፊያዊ መለኪያ መገለጽ ይኖርበታል። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ተለክቶ በካርታ ይመዘገባል፤ ከዚያ በታች ለሆነው ግን አንድ የመገኛ ነጥብ በቂ ነው። አብዛኛው የሀገራችን ቡና በአነስተኛ ማሳ የሚለማና በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድግ በመሆኑ በመሠረቱ ከደንቡ ዓላማ ጋር አይጋጭም። ሥጋቱ ደን ያልመነጠረ ገበሬ ማስረጃ በማጣቱ ብቻ ገበያ እንዳያጣ ነው። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተራዘመ፣ ላኪዎችና ዩኒየኖች ወቅታዊውን የጊዜ ሰሌዳ እያረጋገጡ የማሳ ምዝገባውን ከወዲሁ ማጠናቀቅ ይጠበቅባቸዋል።

ጨርቃ ጨርቅ፦ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከማምረቻዎቹ የሚወጣውን ፍሳሽ አክሞ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል፣ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ታስቦ የተነደፈ ማጣሪያ ተገጥሞለታል። ፓርኩ ከሐዋሳ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ የተገነባ መሆኑና ምርቱን የሚረከቡ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የአካባቢ ደረጃ መጠየቃቸው ለዚህ ምርጫ ምክንያት ሆነዋል። በዚህ ረገድ የውጭ ገበያ የተሻለ አሠራር አምጥቷል።

ቆዳ እና አበባ፦ ቆዳ በሚለፋበት ጊዜ ክሮም የተባለ ኬሚካል በስፋት ጥቅም ላይ ስለሚውል፣ ፍሳሹ ሳይታከም ወንዝ ከገባ ለከብትም ለጓሮ አትክልትም አደገኛ ነው። የአበባ እርሻ ደግሞ ፀረ ተባይ ኬሚካልና ከፍተኛ መጠን ያለው ውሃ ይጠይቃል። ለአበባው ዘርፍ ራሱን የቻለ የአሠራር ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት መውጣቱ ከዚህ የመነጨ ነው።

ተሽከርካሪዎች፦ ሉላዊነት በሌሎች ሀገሮች ያረጁ ዕቃዎችን ወደ እኛ የሚገፋበትም ሁኔታ አለ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ የጣለው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ የተወሰነው የነዳጅ ወጪን ከመቀነስ ጎን ለጎን የአየር ብክለትን ለመግታት ነው።

3. የሀገሪቱ የፖሊሲና የሕግ ማዕቀፍ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ልማትንና አካባቢን አያይዞ ደንግጓል። አንቀጽ 43 የዘላቂ ልማት መብትንና ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው የመጠየቅ መብትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰውም ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ይገልጻል።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ በ1989 ዓ.ም. ጸድቋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተከትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው ዓመታዊ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት በተለመደው አካሄድ ከቀጠለ እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚያሻቅብ በመገመት፣ ኢኮኖሚው እያደገ ልቀቱ 145 ሚሊዮን ቶን አካባቢ እንዲገደብ ዕቅድ አስቀምጧል።

4. ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ምን ይጠበቃል?

በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገውን ፕሮጀክት ያለ ይሁንታ ፈቃድ መጀመር የተከለከለ ነው። የኢንቨስትመንት፣ የንግድ ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትም አስቀድሞ ይህ ይሁንታ መሰጠቱን የማረጋገጥ ግዴታ አለበት። በፌዴራል ደረጃ ፈቃድ የሚሰጣቸውና ተጽዕኗቸው ከአንድ ክልል የሚያልፍ ፕሮጀክቶች በፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ሌሎቹ በክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤቶች ይታያሉ።

የግምገማውን ወጪ የሚሸፍነው ባለፕሮጀክቱ ነው። የግምገማ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰበሰብበታል፤ በተለይ በፕሮጀክቱ ሊነካ የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት መካተት ይኖርበታል። ፈቃድ ሳያገኝ ፕሮጀክት የጀመረ ወይም በሰነዱ ላይ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል።

ይሁንታ ማግኘት ባለፕሮጀክቱን በኋላ ለሚያደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት ነጻ አያደርገውም።

5. አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

በሥራ ላይ ያለ ድርጅት ብክለት እያደረሰ ከሆነ ወይም ሊያደርስ ይችላል ተብሎ ከተገመተ የሚከተለው አሠራር ተፈጻሚ ይሆናል።

1ኛ. ማስረጃ ያሰባስቡ። ክስተቱ የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ ቦታውን፣ የውሃውን ቀለምና ሽታ፣ በሰው፣ በከብት ወይም በሰብል ላይ የታየውን ጉዳት በጽሑፍ ይመዝግቡ፤ ከተቻለ ፎቶግራፍ ያያይዙ።

2ኛ. ማመልከቻዎን ለክልልዎ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ወይም ለፌዴራል ባለሥልጣኑ በጽሑፍ ያቅርቡ። የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር የያዘ ቅጂ ተቀብለው ያስቀምጡ፤ ከዚህ በታች የተመለከቱት የጊዜ ገደቦች የሚቆጠሩት በዚሁ ነው።

3ኛ. መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ይጠበቅበታል።

4ኛ. በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔ መስጫው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላሉ። ይህ ጊዜ እንዳያልፍ ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ።

ቅሬታዎ ለፕሮጀክቱ በተሰጠው የይሁንታ ፈቃድ ላይ ወይም በክትትሉ ላይ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያመለክታሉ፤ ውሳኔውም በ30 ቀናት ውስጥ ይሰጣል። የመሬት ይዞታቸው ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅባቸው ዜጎች የካሳ ጥያቄ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 በተዘረጋው የቅሬታ ሥርዓት ይስተናገዳል።

6. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

በቀጥታ ያልተጎዳ ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላልን?
አዎን። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት አቤቱታ አቅራቢው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ከወንዙ ርቆ የሚኖር ሰውም ስለ ወንዙ ማመልከት ይችላል።

ፋብሪካው ሕጋዊ ፈቃድ አለው። አቤቱታዬ ተቀባይነት ይኖረዋልን?
ይኖረዋል። ፈቃድ ማለት በተቀመጠው ደረጃ መሥራት እንጂ ለመበከል የተሰጠ መብት አይደለም። የአካባቢ ተቆጣጣሪዎችም ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ገብተው የመመርመር ሥልጣን አላቸው።

አቤቱታ ካቀረብን ፋብሪካው ተዘግቶ ልጆቻችን ሥራ ያጣሉን?
ይህ ሥጋት በብዙ አካባቢ ሰዎችን ዝም የሚያሰኝ በመሆኑ ግልጽ ምላሽ ይሻል። ሕጉ በካዩ ብክለቱን እንዲያቆም፣ ያበላሸውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር በሰው ጤና ወይም በአካባቢ ላይ አደጋ ሲደቀን ሊወሰድ የሚችል የመጨረሻ እርምጃ ነው። አቤቱታ በጊዜ ሲቀርብ ችግሩ በማስተካከያ የመፈታት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ለዓመታት ሲከማች ግን ለድርጅቱም ለሠራተኛውም መፍትሔው ይከብዳል።

ግማሽ ሄክታር የቡና ማሳ አለኝ። ምን ላዘጋጅ?
የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎን በጥንቃቄ ይያዙ፤ ማሳዎ በኅብረት ሥራ ማኅበርዎ ወይም በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል መመዝገቡን ያረጋግጡ። ለዚህ መጠን አንድ የመገኛ ነጥብ በቂ ነው። ማሳ ለማስፋት ደን መመንጠር ግን ምርትዎን ከገበያ ሊያስወጣ ይችላል።

7. ማጠቃለያ

ዕድገትና የአካባቢ ጥበቃ የሚጣጣሙት በመልካም ምኞት ሳይሆን በተግባር ነው፤ ባለሀብቱ ከመነሻው ሲያቅድ፣ ፈቃድ ሰጪው ሳያጣራ ሳይፈርም፣ ነዋሪውም በተሰጠው የጊዜ ገደብ ድምፁን ሲያሰማ። በአካባቢዎ ሊጀመር ስለታሰበ ፕሮጀክት የግምገማ ሰነድ ለመመልከት፣ አስተያየት ለመስጠት ወይም አቤቱታ ለማቅረብ በቅድሚያ በወረዳዎ ወይም በክፍለ ከተማዎ የሚገኘውን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ያነጋግሩ።