ማሳ

ጋራዥ ውስጥ «ማሳ የለውም» ሲባል ነገሩ ከእርሻ ጋር አይገናኝም። ከጣሊያንኛ የመጣው ይህ ቃል ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን የሻንሲና የሞተር አካል ይጠራል። ሞተሪኖው እያዞረ የናፍታ መኪናው አልነሳም ሲል ብዙዎች ፖምፓ ለማውረድ ይቸኩላሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ሹፌሩን ብዙ ያስወጣዋልና። በአንዳንድ የጭነት መኪኖች ናፍታውን የሚከፍተው ባለ አንድ ሽቦ ሶሌኖይድ ነው፤ 24 ቮልት ቢደርሰውም ማሳው ከተበላሸ አይከፍትም። ሽቦው ሳይነቀል፣ ቁልፉ በርቶ፣ በሶሌኖይዱ አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል በቴስተር ይለካ። ጤነኛ ማሳ ዜሮ ገደማ ያሳያል። ብዙ ቮልት ከታየ ግን የማሳውን ቡሎን ፈትቶ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መልሶ ማጥበቅ ነው።