ፍላተር እና ሪአክት ኔቲቭ

ፍላተር እና ሪአክት ኔቲቭ በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም የሚሆን የሞባይል መተግበሪያ መሥሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሪአክት ኔቲቭን ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 አወጣው፤ የሚጻፈውም በጃቫስክሪፕት ነው። የጉግል ፍላተር በዳርት ቋንቋ ይጻፋል፤ 1.0 እትሙ በ2018 ወጣ።

ሪአክት ኔቲቭ የስልኩን የራሱን አዝራሮችና የጽሑፍ ሳጥኖች ይጠቀማል፤ ፍላተር ግን ሁሉንም ራሱ ስለሚስል መተግበሪያው በሁለቱም ስልኮች አንድ ዓይነት መልክ ይኖረዋል።

ለድርጅት ንብረት ቁጥጥር ሁለቱም ያገለግላሉ፦ የዕቃው ባርኮድ በስልክ ካሜራ ሲነበብ ዕቃው የት እንዳለና በማን እጅ እንደሚገኝ ይመዘገባል። መጋዘን ውስጥ ኔትወርክ ቢቋረጥ ምዝገባው እንዳይጠፋ፣ መረጃው አስቀድሞ ስልኩ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህን ግን ሁለቱም በራሳቸው አያሟሉም፤ መተግበሪያውን የሚሠራው ባለሙያ ከመጀመሪያው ሊያስብበት ይገባል።