ሲግል የሚጠፋ ቮልስ፦ ጉድለቱ የሚገኘው ሞተሩ ሳይበርድ ነው

ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ድንገት የሚጠፋ፣ ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልነካው የሚነሣ አሮጌ መኪና ባለቤቱን ግራ ያጋባል። መካኒክ ዘንድ እስኪደርስ ሞተሩ ስለሚበርድ ጉድለቱ ይሰወራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዕቃ በግምት እየቀያየሩ ገንዘብ መጨረስ ነው።

በሀገራችን ከተሞች ዛሬም የሚታየው ቮልስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞተሩ ከኋላ ሲሆን ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ የሚነፋው አየርና የሞተር ዘይቱ ነው። በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ መቆም ያስፈልጋል። ቺንጋው ደኅና ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የጎደለው ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ቤንዚን ወይም እሳት።

ቤንዚኑን ለማየት የአየር ማጣሪያው ይነሣና የካርቡራተሩ የነዳጅ መስጫ ክንድ በእጅ ይገፋል። በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ፍንጥቅታ ካልታየ ነዳጅ አልደረሰም ማለት ነው። ፓምፑ የተገጠመው ከሞተሩ ጋር በመሆኑ በውስጡና በቧንቧው ያለው ቤንዚን ሲግል ወደ ተንነት ይለወጣል፤ ፓምፑም ተን መግፋት ያቅተዋል። በደጋ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቤንዚን ቀድሞ ይተናል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ሙቀቱም ከፍታውም በአንድነት ይፈትኑታል። በፓምፑና በቧንቧው ላይ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎ ሞተሩ ቶሎ ከተነሣ ምክንያቱ ተገኘ። የሳልባትዮውን ክዳን መክፈትም አይረሳ፤ አየር ማስገቢያው ሲደፈን መኪናው የጋለ መስሎ ይጠፋል።

ፍንጥቅታው ካለ ማጣሪያው ተመልሶ እሳቱ ይታያል። ከአንዱ የካንዴላ ገመድ ላይ ትርፍ ካንዴላ ተሰክቶ፣ ብረቱ ከካርቡራተሩ ርቆ የሞተሩን አካል እንዲነካ ተደርጎ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዞራል። ካንዴላውን በባዶ እጅ መያዝ አይገባም። ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ሊሆን ይገባል። ቢጫና ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጭራሹን ከሌለ፣ ኮይሉና ኮንደንሰሩ ይጠረጠራሉ፤ ኮይል ሲበርድ ደኅና ሆኖ ሲግል ብቻ የሚከዳ ዕቃ ነውና በቀዝቃዛ ሞተር ቢለካ ላይታወቅ ይችላል። ኮንደንሰሩ ርካሽ ስለሆነ እሱን አስቀድሞ መቀየር ይሻላል።

ቤንዚኑም እሳቱም ካሉ ቀሪው የቫልቭ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሞተሩ እመቃ ያጣል። በአብዛኞቹ የኋለኛ ዘመን የቮልስ ሞተሮች ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ግን የሚለካው ከሌሎቹ ምርመራዎች በተቃራኒ ሞተሩ ፍጹም ከበረደ በኋላ ነው። በሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያለው ላስቲክም ይታይ። መኪናው ቀለም ሲቀባ ተነሥቶ ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ፣ ማራገቢያው ከሥር የሚወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።