ከአንጀት ወደ አንጎል፦ የፕሪዮን በሽታና ሳዑዲ ዓረቢያ

ፕሪዮን ቅርጹ ተዛብቶ በአጠገቡ ያሉትን ጤናማ ፕሮቲኖች ወደ ራሱ ቅርጽ የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። ስሙን በ1982 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጡለት ስታንሊ ፕሩዚነር በ1997 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በአፍ የገባ ፕሮቲን አንጎልን ሊያወድም እንደሚችል በሰው ላይ በግልጽ ከታየባቸው በሽታዎች አንዱ፣ ከእብድ ላም በሽታ የሚመጣው ልዩ ዓይነት የክሮይትስፌልት-ያኮብ በሽታ ነው።

በዓለም ከተመዘገቡት ከ230 የሚበልጡ ሕሙማን 178ቱ የብሪታንያ ናቸው። ይሁንና በ2006 ቨርጂኒያ ውስጥ በሽታው የተገኘበት ሰው ተወልዶ ያደገው በሳዑዲ ዓረቢያ ነበር፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከልም በልጅነቱ እዚያ በበላው የከብት ውጤት ሳይያዝ እንዳልቀረ ገለጸ። በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ የታመሙ ሦስት ሰዎችን የኑሮ ታሪክ መርምሮ ጣቱን ወደ ሳዑዲ ቀሰረ። በ2003 የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪያድ የሆነው የሳዑዲ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው፤ በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ላም በእብድ ላም በሽታ ታማ ስትገኝ የአሜሪካ የበሬ ሥጋ ታገደ፣ እገዳውም እስከ 2016 ዘለቀ።

የፕሪዮን ጉዞ ቀስ ያለ ነው። የሆድ አሲድ አይፈጨውም። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ባሉ ልዩ ሴሎች በኩል አልፎ፣ ሥራቸው ካሉት የመከላከያ ሕዋሳት ስብስቦች ይገባል፤ እዚያ ተራብቶ የአንጀትን ነርቮች ይይዛል። ከዚያ አንዱ መንገድ በቫገስ ነርቭ ወደ አንጎል ግንድ፣ ሌላው ወደ ሕብለ ሰረሰር ይወስደዋል። ብሪታንያ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የወጡ 32,441 ትርፍ አንጀቶች ተመርምረው 16ቱ ላይ የተዛባው ፕሮቲን መገኘቱ በ2013 ታትሟል፤ ከ2,000 ሰው አንድ ማለት ነው። ቁርጥ ወዳድም ሆነ ጥብስ ወዳድ እዚህ ላይ እኩል ነው፤ የወጥ ቤት እሳት ፕሪዮንን አያጠፋውም።

የፓርኪንሰን በሽታም በዚሁ መንገድ ይጀምር እንደሆነ ማጠያየቅ የጀመረው ጀርመናዊው ሃይኮ ብራክ በ2003 መላ ምቱን ካቀረበ በኋላ ነው። እዚህ ተጠርጣሪው አልፋ-ሳይኑክሊን የተባለው ፕሮቲን ነው። በ2019 ተመራማሪዎች የተዛባውን ዓይነት በአይጦች የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ሲወጉ አንጎል ደረሰ፤ ቫገስ ነርቫቸው አስቀድሞ በተቆረጠባቸው ላይ ግን አልደረሰም። ሆኖም በብዙ ሕሙማን ላይ በሽታው ከአንጎል የሚጀምር ይመስላል፤ ፓርኪንሰን በምግብ እንደሚተላለፍ ያሳየም የለም።