የናይጄሪያ ባህላዊ ምግብ ማዘዣ መተግበሪያ

ደንበኞች እንደ አማላ እና ቱዎ ሺንካፋ ያሉ የናይጄሪያ ምግቦችን በሞባይል አዘው ባሉበት የሚረከቡበት ሶፍትዌር ነው። ንድፉ የአገሬውን አበላል ይከተላል፦ ተጠቃሚው በመጀመሪያ በእጅ እየተድቦለቦለ የሚበላውን ገንፎ መሰል ምግብ በጥቅል ብዛት፣ ቀጥሎ እንደ ኤጉሲ ወይም ኤዌዱ ያለውን ወጥ፣ በመጨረሻም ሥጋውን ወይም ዓሣውን በቁራጭ ይመርጣል፤ ሒሳቡም በየምርጫው በናይራ ይደመራል። አማላ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር የማድረሻው ርቀት ይገደባል፤ ወጡም ለብቻው ይታሸጋል። አድራሻ ለማመልከት ከካርታው በተጨማሪ በአቅራቢያ ያለ የታወቀ ቦታ የሚጻፍበት ሣጥን ይካተታል። ክፍያው በካርድ ወይም በባንክ ዝውውር ይፈጸማል። በናይጄሪያ የምግብ ማድረስ ዘርፍ ቾውዴክ የተባለው የምግብ ማድረሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በሌጎስ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በዚሁ ዘርፍ የነበረው ጁሚያ ፉድ ደግሞ በ2023 መጨረሻ አገልግሎቱን አቁሟል።