ፈተናን ያለፈ ሁሉ ከስሕተት የነጻ ነውን?

ከአንድ ስስ የሲሊኮን ሰሌዳ የተቆረጡ ፕሮሰሰሮች ሁሉ በእኩል ፍጥነት አይሠሩም። ስለዚህ ከፋብሪካ ከመውጣታቸው በፊት፣ ሙቀቱና ቮልቴጁ ቢለዋወጥም እያንዳንዱ ሳይሳሳት የሚሠራበት ፍጥነት ይፈተናል።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ካወጣቸው የ80386 ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ በ32 ቢት ማባዛት እንደሚሳሳቱ በ1987 ታወቀ። ስሕተቱ እንደ ቮልቴጁ፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ፍጥነቱ ሁኔታ አንዴ የሚታይ፣ አንዴ የሚሰወር ነበር። ኩባንያው በአዲስ ፈተና መርምሮ ያለፉትን በሁለት የግሪክ ሲግማ ፊደላት ለያቸው፤ በወደቁት ላይም «ለ16 ቢት ፕሮግራም ብቻ» የሚል ጽሑፍ አተመባቸው። ጉድለቱ ከቺፕ ቺፕ ይለያይ ስለ ነበር ፈተናው ደካማውን ከብርቱው ሊለይ ቻለ።

በ1994 ግን በቨርጂኒያ የሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበሩት ቶማስ ናይስሊ የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር በማካፈል እንደሚሳሳት ደረሱበት። ስሌቱ የሚመራበት ሠንጠረዥ ገና በንድፉ ጥቂት ቁጥሮች ጎድለውት ኖሯል። እያንዳንዱ ቺፕ ከተሳሳተው ንድፍ ጋር የተስማማ በመሆኑ የፋብሪካው ፈተና ጉድለቱን አላየውም። ኩባንያው ለዚህ 475 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሥራውን በንድፉ መመዘን አይበቃም፤ ንድፉም ራሱ መመዘን አለበት። መለኪያው ከተጣመመ በእርሱ የተለካ ሁሉ ቀና መስሎ ይታያልና።