ባንድ ሶው ሸካራ ወይም ጠማማ ሲቆርጥ፦ የምክንያቶችና የመፍትሔዎች መረጃ

ይህ መረጃ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ባሕር ዛፍ፣ ዋንዛና ሌሎች እንጨቶችን በባንድ ሶው ለሚሰነጥቁ የእንጨት ሥራ ኢንተርፕራይዞች የተዘጋጀ ነው።

ቆረጣው ሲበላሽ ሳይመረምሩ አዲስ ምላጭ መግዛት ላላስፈላጊ ወጪ፣ እንጨቱን በኃይል መግፋት ደግሞ ለአካል ጉዳት ይዳርጋል። ስለሆነም አስቀድሞ በተቆረጠው ገጽ ላይ የሚታየውን ምልክት መለየት ይገባል።

ከምርመራ በፊት

ማሽኑን ያጥፉ፣ ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፤ መዘውሮቹ ሙሉ በሙሉ መቆማቸውንም ያረጋግጡ።

ምልክቶችና መፍትሔዎች

1. ቆረጣው ዘወትር ወደ አንድ ወገን የሚሸሽ ከሆነ፦ የአንዱ ወገን ጥርሶች ደንዝዘዋል ወይም የግራና የቀኝ አከፋፈታቸው እኩል አይደለም። ምላጩ ይሳል ወይም ይቀየር።

2. የተቆረጠው ገጽ መካከሉ ላይ ሆድ ካወጣ፦ ምላጩ ላልቷል፣ ለሥራው ጠቧል ወይም እንጨቱ በፍጥነት ተገፍቷል። ውጥረቱን በማሽኑ መመሪያ ልክ ያስተካክሉ፤ የላይኛውን የምላጭ መያዣ ከእንጨቱ በላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀረው ዝቅ ያድርጉ።

3. በእኩል ርቀት የሚደጋገም ጭረት ከታየ፦ የተሰበረ ጥርስ ወይም ያልተስተካከለ የብየዳ መጋጠሚያ አለ። መዘውሩን በእጅ በዝግታ እያዞሩ ይፈትሹ። የተሰነጠቀ ምላጭ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

4. ገጹ በሙሉ ሸካራ ከሆነ፦ ጥርሶቹ ለእንጨቱ ውፍረት አይስማሙም። በቆረጣ ጊዜ ቢያንስ 3 ጥርሶች በእንጨቱ ውስጥ ሊኖሩ ይገባል። ለወፍራም እንጨት ግን ጥርሱ ከደቀቀ ሰጋቱራው መውጫ አጥቶ ይታፈናል።

5. ገጹ ከጠቆረ ወይም ከጨሰ፦ ጥርሶቹ ደንዝዘዋል ወይም ሙጫ ይዘዋል። ምላጩን ያጽዱ፣ ያስሉ።

ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ ተጣምሞ ምላጩን ቆንጥጦ ሊይዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ እንጨቱን ወደ ኋላ አይጎትቱ፤ ማሽኑን አጥፍተው በስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ያስገቡ።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አስተካክለው በቁርጥራጭ እንጨት ይሞክሩ፤ ትክክለኛው ምክንያት የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ጥንቃቄ

ምላጭ ሲያወጡና ሲያስገቡ ጓንት ያድርጉ፤ ማሽኑ ሲሠራ ግን ያውልቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ለሠራተኞች የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ድጋፍ ለማግኘት

ችግሩ ካልተፈታ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቀርበው የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት ይጠይቁ። ሲሄዱ ምላጩንና ችግሩ የሚታይበትን ቁራጭ እንጨት ይዘው ይቅረቡ።